ባሕር የበላው ካርድ
የማስቲካ ማጀቢያ ወረቀት ስንት ያወጣል? አትሳቁ። እ.ኤ.አ. በ1952 ቶፕስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ የቤዝቦል ተጫዋቾችን ምስል ከማስቲካ ጋር አሽጎ፣ እሽጉን በ5 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። የዓመቱ ማብቂያ ካርዶች ገዢ አጡ። መጋዘን ሲያጣብቡ ከርመው፣ የኩባንያው ሰው ሳይ በርገር እንደተረከው፣ በ1960 በጀልባ ተጭነው አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ተደፉ። የቤዝቦል ተጫዋቹ የሚኪ ማንትል ካርድም ከነዚያው ወገን ነበር። በ2022 ከተረፉት አንዱ በጨረታ 12.6 ሚሊዮን ዶላር አወጣ! ብርቅ ያደረገው ባሕሩ ብቻ አይደለም፤ ቤት ሲያጸዱ ጠርገው የጣሉት እናቶችም አሉበት። ዛሬ ሰብሳቢው ካርዱን በጣቱ አይነካውም፤ ለደረጃ መዳቢ ይልከዋል፣ ነጥብ ተሰጥቶት በፕላስቲክ ታሽጎ ይመለስለታል። እኔ ብሆን ማስቲካውን አኝኬ ወረቀቱን እጥለው ነበር።