የእናቴ ጀርባ

እናቴ ከጎንደር ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ የመጣችው ልታርሰኝ ነበር። ከሻንጣዋ በሶው፣ የገንፎ ዱቄቱና ቅቤው ወጥቶ ካለቀ በኋላ ከታች ተጣጥፎ የተቀመጠ አንቀልባ ብቅ አለ፤ እኔና አራት ወንድሞቼ የታዘልንበት፣ ጠርዙ በዛጎል ያጌጠ የቆዳ አንቀልባ። ሳየው ደስታም ሐፍረትም ተሰማኝ። ሐፍረቱ ከየት እንደመጣ ዛሬም አልገባኝም።

ልጄ ያንን ጀርባ ወደደው። እናቴ «እሹሩሩ» እያለች ከወጥ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን ወጥ ቤት ትመላለሳለች፤ ዛጎሉ ይንሿሿል፤ እሱም ጉንጩን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎ ጭልጥ ይላል። የክሊኒኳ ነርስ ግን ሌላ ነገር ነገረችን፦ በጀርባው፣ ጠንካራ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስና ያለ ብርድ ልብስ፣ በራሱ አልጋ ብቻውን ይተኛ። ምክሩ በዋዛ የመጣ አልነበረም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1992 ሕፃናት በሆዳቸው እንዳይተኙ ከመከረ፣ በ1994ም ሀገር አቀፍ ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ፣ በእንቅልፍ ላይ ድንገት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ገደማ ቀንሷል።

«በጀርባው» የሚለውን ስተረጉምላት እናቴ ሳቀች። «ታዲያ እኔስ በጀርባዬ አይደል የማስተኛው?»

የተፈቀደላት ስድስት ወር አለቀና በጥር ሄደች። አንቀልባውን ትታልኝ ነበር፤ ወገቤ ግን የእሷ ወገብ አልሆነም። ልጁ በየሰዓቱ እየነቃ ያለቅሳል። ባለቤቴ ሌሊት ታክሲ ይነዳል፤ እኔ ከንጋቱ 11 ሰዓት ለሥራ እነሳለሁ። አንድ ማለዳ ልጄን ከኋላ አስቀምጬ ስነዳ ቀይ መብራት ጥሼ አለፍሁ። የባነንሁት በሌላ መኪና ጥሩንባ ነው።

በዚያው ሳምንት ማንበብ ጀመርሁ። በእሱ ዕድሜ ያለ ሕፃን የቀኑ ሸለብታ ተጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ12 እስከ 16 ሰዓት መተኛት አለበት። ሕፃን ሌሊቱን ደጋግሞ በስሱ ይነቃል፤ ሲተኛ የነበረው ሁሉ በቦታው ካለ መልሶ ያሸልባል። የእኔ ልጅ ግን የሚያንቀላፋው በሚሞቅ ጀርባ ላይ፣ የሚነቃው ዝም ባለ አልጋ ላይ ነበር። በአንድ ቤት ተኝቶ በሌላ ቤት የነቃ ሰው አይጮህምን?

እናም ሥርዓት አበጀንለት። በየምሽቱ በአንድ ሰዓት ለብ ባለ ውኃ ይታጠባል፤ መብራቱ ይቀንሳል፤ ይጠባል፤ ጥቂት እሹሩሩ፤ ከዚያም ዓይኑ ሳይከደን አልጋው ላይ ይጋደማል። የመጀመሪያው ሌሊት ከባድ ነበር። በር ላይ ቆሜ ሰዓት እያየሁ፣ ሦስት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ፣ እየገባሁ ደረቱን እየዳሰስሁ እወጣለሁ። ጎረቤት ምን ይለኝ ይሆን እያልሁ እሳቀቃለሁ፤ ከጎረቤት ይልቅ ግን እናቴ ብትሰማኝ ብዬ ፈራሁ። በአምስተኛው ሌሊት ትንሽ ነጭነጭ ብሎ፣ ጣቱን ጎርሶ ተኛ።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ደወልሁላት። ጎንደር ንጋት 12 ሰዓት ነበር፤ ዶሮ ሲጮህ ይሰማኛል።

«ተኛ?» አለችኝ።

«ተኛ፣ እማዬ። ብቻውን።»

ጥቂት ዝም አለች። «እሰይ፣ ልጄ፤ አንቺም ተኚ» አለችኝ፤ ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦ «እኔን ግን እስካሁን ጀርባዬን ይበርደኛል።»