የኮሮና ወራት በዋሽንግተንና በኮልፌ

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ዋሽንግተንን ጭር ሲያደርጋት፣ እኛ የታክሲ ሹፌሮች አየር ማረፊያው ደጅ ተሰልፈን አንድ መንገደኛ ስንጠብቅ እንውል ነበር። አብዛኞቻችን ሐበሾች ነን። የመኪና ዕዳ አለ፣ የቤት ኪራይ አለ፣ አገር ቤት የሚላከው አለ።

መጋቢት 18 ቀን ፕሬዚዳንት ትራምፕ ከ2 ትሪሊዮን ዶላር በላይ የተመደበበትን «ኬርስ አክት» የተባለውን የእርዳታ ሕግ ፈረሙ። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በቀጥታ ለየሰው የተላከውን 1,200 ዶላር ነው። እኛን ደግፎ ያቆመን ግን ሌላው አንቀጽ ነው፤ የታክሲና የኡበር ሹፌር ከዚያ በፊት የማያገኘውን የሥራ አጥ ክፍያ ፈቀደልን፤ እስከ ጁላይ መጨረሻም በየሳምንቱ 600 ዶላር ታከለበት። እንግሊዝኛ የሚቸግራቸው አባቶች ቅጹን በስልክ እያነሱ ሲልኩ፣ ልጆቹ ሌሊቱን ሲሞሉላቸው ያድሩ ነበር።

ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ከ1,200ው ቀረ። ቁጥር ከሌላት ሚስቱ ጋር ግብሩን በአንድ ላይ ያሳወቀ ባልም አብሮ ቀረ፤ ይህ የታረመው ታኅሣሥ 2013 ነው። ግብር እየከፈሉ የተተዉትን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል።

እህቴ ያኔ አዲስ አበባ፣ ኮልፌ አጠና ተራ ቁርስ ቤት ነበራት። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በማስፈጸሚያ ደንቡም ተከራይን ማስወጣትም ኪራይ መጨመርም ተከለከለ። «ዶላሩ የእናንተ ነው፤ እኛም ተመስገን፣ ከቤት የሚያስወጣን የለም» አለችኝ። ለኮልፌ ዓይነት የተከራይ ሰፈር ከዚህ የተሻለ ውሳኔ አላውቅም።

የግብሩ እፎይታ ግን ወደ እሷ ደንበኞች አልወረደም። መንግሥት እስከ 2007 ዓ.ም. የነበረውን የግብር ዕዳ ሰረዘ፤ ሥራቸው ቆሞም ደመወዝ ለከፈሉ ድርጅቶች የ4 ወር የሥራ ግብር ተወ። ጠዋት ጠዋት ሻይና ፓስቲ የሚቀምሱት አጠና ተሸካሚዎች ግን ምን ደመወዝ፣ ምን የግብር ዕዳ አላቸው? ገበያው ሲቀዘቅዝ እነሱም ጠፉ፤ ስማቸው በእህቴ የዱቤ ደብተር ላይ ቀረ። ዱቄትና ዘይት ያደረሰላቸው የሰፈሩ ዕድር ነው፤ ማን የት እንደሚያድር፣ ስንት ልጅ እንዳለው ያውቃልና።

እኔን ዶላሩ ያገኘኝ የግብር መዝገብ ስላወቀኝ ነው። ተሸካሚውን የሚያውቀው ዕድሩ ነው። ሌላ ወረርሽኝ ሳይመጣ መንግሥት ከዕድር ዳኞች ጋር ይቀመጥ፤ የእርዳታ ገንዘብም በእነሱ መዝገብ በኩል ይውረድ። እኛም ውጭ ያለን የላክነው ለዘመድ ብቻ እንዳይሆን፣ ለሰፈራችን ዕድር እናዋጣ።