የቱቲ ደሴት ሰዎች ውለታ



አባይ ከሀገራችን ወጥቶ መሄዱን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ አድገናል። ሄዶ የሚደርስበትን ሕዝብ ኑሮና ባህል የምናውቅ ግን ጥቂቶች ነን። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ፣ አላህ (ሱ.ወ.) ካለ፣ አባይ ከቧት ስለሚያልፍ አንዲት ደሴት ያየሁትንና ያወቅሁትን ላካፍላችሁ።

በ1997 ዓ.ም. ክረምት ከበርበሬ በረንዳ ተነስቼ፣ በጎንደርና በመተማ በኩል፣ ካርቱም የሚኖረውን ታላቅ ወንድሜን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ወንድሜ በደርግ ዘመን ድንበር ተሻግረው ሱዳን ከተጠለሉት በመቶ ሺዎች ከሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን አንዱ ነው። በደረስኩ በሦስተኛው ቀን፣ «አባይን ቱቲ ላይ ሆነህ ካላየኸው መጣሁ አትበል» ብሎ ወደ ወንዙ ወሰደኝ።

ቱቲ በሱዳን ዋና ከተማ መካከል የምትገኝ የወንዝ ደሴት ናት። ስፋቷ ወደ 8 ካሬ ኪሎ ሜትር ይገመታል። በደቡብ ካርቱም፣ በሰሜን ባህሪ፣ በምዕራብ ኦምዱርማን ከወንዙ ማዶ ይታያሉ። የእኛ አባይ ከነጭ አባይ ጋር የሚገናኘውም እዚያው አጠገቧ ነው። ዛሬ ያለው ድልድይ ያኔ አልተሠራም ነበርና በጀልባ ተሻገርን። ውሃው የደጋውን አፈር ተሸክሞ ቀልቷል። ደሴቷ ላይ ስንወጣ ግን የከተማው ጫጫታ ቀርቶ የሎሚና የማንጎ ዛፍ፣ የአትክልት መደብ፣ የቴምር ጥላ ተቀበለን።

ነዋሪዎቿ በአብዛኛው መሐስ የሚባሉ፣ ከሰሜን ከኑቢያ የመጡ ሰዎች ዘሮች ናቸው። ከጥንት ጀምሮ በቁርኣን ትምህርት የታወቁ ናቸው። ካርቱም ራሷ የተጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1691 ሸኽ አርባብ አል-ዐቃኢድ የተባሉት የቱቲ ዓሊም ወንዙን ተሻግረው ማስተማሪያቸውን እዚያ ባቋቋሙ ጊዜ እንደሆነ ይተረካል። ታላቂቱን ከተማ የወለደው የአንድ ዓሊም የቁርኣን ቤት ነው ማለት ነው። ልጆቹ በእንጨት ሉህ ላይ ሲጽፉ ሳይ የወሎ መድረሳዎች ትዝ አሉኝ።

ከዙህር ሶላት በኋላ ከመስጂድ የወጡ አንድ ሽማግሌ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ወንድሜ አስተረጎመልኝ። ከሐበሻ ምድር መሆኔን ሲሰሙ እጄን ያዙና፣ «ልጄ፣ ይህ የምናርሰው አፈር ከእናንተ ዘንድ የመጣ ነው። አንተ እዚህ እንግዳ አይደለህም» አሉኝ። ከዚያም ቤታቸው አስገቡን። ኪስራ ከነሙላሁ በአንድ ትልቅ ትሪ ቀረበ፤ የቤቱ ወንዶችና ጎረቤቶች ሁሉ ከበብነው። ሸጣ የሚሉትን ሚጥሚጣ መሰል ቅመም ወደ እኔ ገፋ አድርገው «ትችለዋለህ?» ሲሉኝ፣ ወንድሜ ከበርበሬ በረንዳ መምጣቴን ነገራቸውና ቤቱ በሳቅ ሞላ። ቡናው ዝንጅብል ገብቶበት የቀረበው በጀበና ነው፤ ስሙንም እንደኛው ጀበና ይሉታል።

ከሁሉ በላይ የመሰጠኝ ግን ጣያ የሚሉት ልማዳቸው ነው። ክረምት ሲገባና አባይ ሲሞላ የደሴቷ ሰዎች በወንዙ ዳር ዳር ዳስ ጥለው፣ ተራ ገብተው፣ ሌሊቱን ሙሉ ውሃውን ይጠብቃሉ። አንድ ቦታ ላይ ውሃው ሊሰብር ሲል ጥሪ ይሰማል። ያን ጊዜ የእገሌ ማሳ፣ የእገሌ ቤት የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም አፈርና ጆንያ ይዞ ይሮጣል። በ1938 ዓ.ም. ታላቁ ጎርፍ በመጣ ጊዜ ደሴቷን ያዳኗት በዚህ ዓይነት ነው፤ ለጀግንነታቸው የተዜመው ዘፈን እስከ ዛሬ በሱዳን ይታወቃል። በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ የሱዳን አባይ በመቶ ዓመት ውስጥ ታይቶ በማይታወቅ ከፍታ ሲሞላም እንዲሁ ወጥተው ታግለውታል።

ዑለማዎቻችን ፈርድ ኪፋያ ብለው የሚያስተምሩን ጉዳይ አለ። ከመካከላችን የተወሰኑት ከፈጸሙት ከሌሎቹ ላይ የሚነሳ፣ ማንም ካልፈጸመው ግን ሁሉም የሚጠየቅበት ግዴታ ነው። እኔ ይህን ትምህርት በዓይኔ ያየሁት በቱቲ ወንዝ ዳር ነው።

ውሃ ያላሸነፋቸውን እነዚህን ሰዎች ግን ጦርነት ከቤታቸው አስወጣቸው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ውጊያ ሲጀመር ቱቲ ተከበበች። መውጫዋ አንድ ድልድይ ብቻ ነውና ሕዝቡ ምግብና መድኃኒት አጥቶ ተቸገረ። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. አብዛኛው ነዋሪ ተሰደደ። የሱዳን ጦር ደሴቷን መልሶ የያዘው በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ነው። እኔን ያስተናገደኝ ቤት ሰዎች ዛሬ የት እንደወደቁ አላህ ያውቃል።

ከሱዳን ከተሰደዱት ጥቂት የማይባሉት ወደ እኛም መጥተዋል። ወንድሜ በሄደበት በዚያው በመተማ መንገድ፣ እንዲሁም በኩርሙክ በኩል ገቡ። ምን አገኙ? በአማራ ክልል በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች የነበሩት ዝርፊያና ጥቃት ደርሶባቸው፣ በ2016 ዓ.ም. ከአንድ ሺህ የሚበልጡት መጠለያውን ትተው መንገድ ዳር ጫካ ውስጥ እስከ መስፈር ደረሱ። ይህን ስሰማ ያ የቱቲ ትሪ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

እኛ የነጃሺ ሀገር ልጆች ነን እያልን እንኮራለን። የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሶሃባዎች በመጀመሪያው ሂጅራ ወደዚህች ምድር መጥተው በሰላም መኖራቸው በእርግጥ ታላቅ ክብር ነው። ነገር ግን ያ ክብር የነጃሺ ሥራ ነው፤ የእኛ ሥራ የትኛው ነው? ዛሬ መርካቶ ውስጥ አንድ ሱዳናዊ ቤተሰብ ቤት ሊከራይ ሲመጣ ስደተኛ ነው ብለን ዋጋ እንጨምርበታለን ወይስ እናግዘዋለን? በጁምዓ ቀን በአንዋር መስጂድ ጎናችን የሰገደውን ሰው ስንወጣ «ምሳ የት ነህ?» ብለን እንጠይቀዋለን? ልጆቹ ቁርኣን የሚቀሩበትን ቦታ እናሳየዋለን?

ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ትሪ፣ አንድ ጀበና፣ የቀና ፊት ይበቃል። በየሰፈራችን ተራ ገብተን ብንጠብቃቸው እኛም የራሳችን ጣያ ይኖረናል ማለት ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ለሱዳን ሕዝብ ሰላሙን ይመልስለት፤ የቱቲን ሰዎች ወደ ማሳቸውና ወደ መስጂዳቸው ይመልሳቸው፤ እኛንም ውለታ ከሚመልሱት ባሮቹ ያድርገን። አሚን።