ከየትኛው ቀን እንቁጠር?

ታኅሣሥ 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ሐኪሜ ፋይሌን ዘጋው። በአራት ዓመት ውስጥ ወፍሮ ወፍሮ ክሩ አልበቃው ያለ ፋይል ነበር። «እንግዲህ እኛ ጨርሰናል» አለኝ ፈገግ ብሎ። «ዐሥር ሳምንት ሞላሽ። ከአሁን በኋላ እንደ ማንኛዋም ነፍሰ ጡር በሰፈርሽ ጤና ጣቢያ ክትትል ትጀምሪያለሽ።»

«እንደ ማንኛዋም» መባልን አራት ዓመት ደጅ ጠንቼበታለሁ። ሆኖም ከክሊኒኩ በር ስወጣ፣ ከሞቀ ቤት በሌሊት እንደ ወጣ ሰው በረደኝ።

የመካንነት ሕክምና የሚሰጥበት ቤት የቁጥር ቤት ነው። እንቁላል በሚሊ ሜትር ይለካል፤ ሆርሞን ከደም ተቀድቶ ይቆጠራል፤ ሽሉ ማሕፀን ከገባ በኋላም የእርግዝናው ሆርሞን በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ እጥፍ መሆን አለመሆኑ ይታያል። ከዚያ በየሳምንቱ አልትራሳውንድ ይነሣል። በዚያ ቤት የፍርሃት ዕድሜ ቢረዝም እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ነው። ሦስት ጊዜ ሽል ገብቶልኛል። የመጀመሪያው አልያዘም። ሁለተኛው ያዘ፤ በሰባተኛው ሳምንት ልቡ ሲመታ በዐይኔ አየሁት፤ በስምንተኛው ሐኪሙ መሣሪያውን ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሰ ዝም አለ። ያን ዝምታ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ሦስተኛው ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ገባ። አምስት ቀን በቤተ ሙከራ ያደገ ሽል ነበር።

ባለቤቴ በየምሽቱ የፕሮጄስትሮን መርፌ ይወጋኝ ነበር። 12ኛው ሳምንት ሲሞላ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን፣ በታዘዝነው መሠረት አቆምን። በዚያን ጊዜ የእንግዴ ልጁ ራሱ ሆርሞኑን እንደሚያመነጭ አውቃለሁ፤ ማወቅ ግን እንቅልፍ አይሆንም። በማግስቱ አልትራሳውንድ ከሚነሣበት አንድ ቤት ገባሁ። ባለሙያው ምን እንዳመመኝ ጠየቀኝ። «ምንም» አልሁት። «ታዲያ ምን ልታዪ መጣሽ?» መልስ አልነበረኝም። ልቡ ይመታ ነበር። እፎይታዬ ሦስት ቀን ቆየ። በአራተኛው ቀን እግሬ እንደ ገና ወደዚያው ሲያመራ ነቃሁና ከመንገድ ተመለስሁ።

ታኅሣሥ 24 ቀን ጧት ጤና ጣቢያ ሄድሁ። በክሊኒኩ ሳለን እኛ ሴቶች እርስ በርሳችን አንተያይም ነበር፤ ነጠላችንን ወደ ፊት ስበን፣ ስማችን በዝግታ ሲጠራ ብድግ እንላለን። እዚህ ግን አግዳሚው ላይ ገና ሳልደላደል ጥያቄው ዘነበ፦ «የስንት ወር ነሽ? የመጀመሪያሽ ነው?» ልጆች ይሯሯጣሉ፤ አንዲት ሴት ዳቦ ቆርሳ ግራና ቀኝ ታድላለች። አዋላጇ በሩን ከፈት አድርጋ «እናቶች! አዲስ ካርድ የያዛችሁ ግቡ» ስትል ካርድ የያዙት ሁሉ ተነሡ። እኔ እንደ ተቀመጥሁ ቀረሁ። ዳቦ የምታድለው ሴት ክንዴን ነካ አድርጋ «አንቺንም እኮ ነው» አለችኝ።

ክፍሉ ሁለት ጠረጴዛና አንድ መጋረጃ ነበረው። አንዷ የምትናገረውን ሌላዋ ትሰማለች። አዋላጇ ከእኔ በብዙ ዓመት የምታንስ ወጣት ናት። «እናቴ፣ የመጨረሻው የወር አበባሽ መቼ ነበር የመጣው?»

«ጥቅምት 12» አልሁ።

በልቤ ሌላ ቀን አልነበረኝም። በጣቷ ቆጥራ ሐምሌ 22 ብላ ጻፈች። ወራችን ሠላሳ ሠላሳ ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው፤ ዘጠኝ ወር ከዐሥር ቀን ይደመራል፤ በመካከል አምስት ቀን ያላት ጳጉሜን ከገባች ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ይሆናል፤ ሁለቱም 280 ቀን ነው። የእኔ ቆጠራ ግን ሌላ ነበር። የአምስት ቀን ሽል ማሕፀን በገባበት ዕለት እርግዝናው 2 ሳምንት ከ5 ቀን እንደሆነው ተደርጎ ይታሰባል። የቀረው 261 ቀን ነው፤ የሚያደርሰውም ሐምሌ 3 ላይ ነው። በሁለቱ መካከል 19 ቀን አለ። ይህን ከእርሷ ይልቅ እኔ አውቅ ነበር፤ ዝም አልሁ። አጠገባችን ሰዎች ነበሩ።

«ስንተኛ እርግዝናሽ ነው?»

«ሁለተኛ።»

«ስንት ወልደሻል?»

«አልወለድሁም።»

«አስወርዶሽ ያውቃል?»

«አንድ ጊዜ።»

ሁለት፣ ዜሮ፣ አንድ ብላ ጻፈች። ቀና ብላ አላየችኝም፤ እኔ ግን ያችን «አንድ» ትክ ብዬ አየኋት። ለእርሱ ለቅሶ አልተቀመጥንም፤ ስም አልነበረው፤ የሚያውቁት ጥቂቶችም እንዳላሳዝነኝ ብለው አያነሡትም። ማንም ቆጥሮት አያውቅም ነበር። በዚያ ተራ ካርድ ላይ፣ ለማንኛዋም ሴት በሚቀርብ ጥያቄ፣ መጀመሪያ ተቆጠረ።

ከዚያ አልጋው ላይ አስተኝታ ሆዴን ዳሰሰች። እጇ ከዐጥንቱ በላይ ቆመና መልሳ ካርዱን አየች። «እናቴ፣ ቀኑን እርግጠኛ ነሽ? በካርዱ ዐሥር ሳምንት ነው፤ ማሕፀንሽ ግን ከዚያ ከፍ ይላል።»

ያን ጊዜ ደነገጥሁ። 19 ቀን ቀላል አይደለም። በተሳሳተ ቀን የመውለጃው ጊዜ ያለፈበት ሕፃን «ገና ነው» ተብሎ ሊጠበቅ ይችላል። አራት ዓመት ሙሉ የፈለግሁትን ልጅ፣ ሦስት ሴቶች እንዳይሰሙብኝ ብዬ፣ በሐሰት ቀን ላስመዘግበው ነበር።

«ሲስተር» አልኋት ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ጥቅምት 12 የወር አበባዬ የመጣበት ቀን አይደለም። ሽሉ ማሕፀኔ የገባበት ቀን ነው። በአይ ቪ ኤፍ ነው ያረገዝሁት።»

ከመጋረጃው ወዲያ ያሉት ጸጥ ያሉ መሰለኝ። ምናልባት መስሎኝ ይሆናል።

«የስንት ቀን ሽል ነበር?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ ከክሊኒኩ ውጭ ከማንም አልጠበቅሁትም። በ2011 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመንግሥት ማዕከል ከመከፈቱ በፊት፣ ይህን ሕክምና ፍለጋ ባሕር ማዶ የተሻገሩ ብዙዎች ናቸው። ዛሬ በሰፈሬ ጤና ጣቢያ፣ ቀለሙ በተላጠ ጠረጴዛ ላይ፣ አንዲት ወጣት አዋላጅ «የስንት ቀን ሽል?» ትለኛለች። «የአምስት» አልኋት። ቆጠረች፤ 22ን ሰረዘችና 3 ብላ ጻፈች። «እንዲያ ከሆነ ዛሬ ዐሥራ ሦስት ሳምንትሽ ነው። አይዞሽ፣ ትክክል ነው።»

የቀረው ለሌሎቹ እንደሚደረገው ሆነ። ደምና ሽንት ሰጠሁ፤ የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል ተሰጠኝ። ልወጣ ስል «የልብ ምቱን አታዳምጪልኝም?» አልኋት። ከመሳቢያዋ ቀንድ የሚመስል ማዳመጫ አውጥታ አሳየችኝ። «በዚህ የምንሰማው ወደ ሃያኛው ሳምንት ገደማ ነው። የካቲት 13 ነዪ፤ ያኔ አብረን እንሰማዋለን።»

ሰባት ሳምንት ማለት ነው። በዚያኛው ቤት ሰባት ሳምንት ሰባት አልትራሳውንድ ነበር።

በገና ዕለት ለእናቴ ነገርኋት። ከቁልቢ ገብርኤል ከተመለሰች ዐሥር ቀን አልሞላትም፤ ሥለቷን ሳትነግረኝ አውቀዋለሁ። እንዴት እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ ቀኑን ብቻ ጠየቀችኝ። የእርሷ ቆጠራ ደግሞ ሌላ ነው፤ ከመጋቢት 29 እስከ ታኅሣሥ 29 ያለው፣ የእመቤታችን ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን። ሐምሌ 3 ስላት ግን ክርክር አላነሣችም፤ በጣቷ ወደ ፊት ሄደች። «ለሐምሌ ገብርኤል አራስ ነሽ፤ መሄድ አይሆንልሽም። ወንድ ከሆነ በአርባ፣ ሴት ከሆነች በሰማንያ ቀን ክርስትና ይነሣል። ሥለቴን ለታኅሣሡ አገባለሁ።» እኔ ሰባት ሳምንት መሻገር አቅቶኝ ሳለ እርሷ ዓመቱን ጨረሰችው።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ነገርኋት፤ መርፌውን፣ ቤተ ሙከራውን፣ የጠፋውንም። በዚህ መንገድ በዓለም የመጀመሪያ የሆነችው ሉዊዝ ብራውን ኦልድሃም በምትባል የእንግሊዝ ከተማ የተወለደችው ሐምሌ 18 ቀን 1970 ዓ.ም. እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል መሆኑን አጫወትኋት። «ለገብርኤል ዋዜማ!» አለች እናቴ። ለእርሷ ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለጋትም።

ይህን የምጽፈው በጥር አጋማሽ ነው። ካርዱ ጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ የተሰረዘው 22 ከሥር ይነበባል። የካቲት 13 አልደረሰም። አልትራሳውንድ ቤቱ ያለበትን መንገድ ትቼ በጓሮ በኩል እመላለሳለሁ፤ ፍርሃቱ ግን በጓሮም ያውቀኛል። ትናንት ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «እናት፣ ትንሽ ጠጋ በይ» አለኝ። ለተሳፋሪ ሴት ሁሉ የሚለው ቃል እንደሆነ አውቃለሁ። ተጠጋሁለት።