የዶሮዎቼን ሞት ምክንያት ስፈልግ

ማታ በደህና ቆጥ ላይ የወጣች ዶሮ ጠዋት ክንፏን ዘርግታ መሬት ላይ ስትገኝ፣ በየቤታችን የምንለው አንድ ነገር ነው፤ «ፈንግል ገባ» እንላለን። ከዚያ በኋላ የሚጠይቅ የለም። የሞተችው ትጣላለች፤ የቀሩት ተራቸውን ይጠብቃሉ። እኔም ለብዙ ዘመን እንደዚሁ ሳደርግ ኖሬአለሁ። ዛሬ የማወጋችሁ፣ መጠየቅ የጀመርሁበትን ምክንያት ነው።

እንደምታውቁት በእኛ በደቡብ ጎንደር ደጋ፣ በደብረ ታቦር ከተማም ሆነ ከጉና ተራራ ሥር ባሉት የገጠር ቀበሌዎች፣ በሬው የአባወራው ሲሆን ዶሮዋ ግን የእመቤቲቱ ናት። ጨውና ቡናው፣ የልጆች ደብተርና እርሳሱ የሚገዛው ከዕንቁላሏ ነው። ስለዚህ ዶሮ አለቀች ማለት የአንዲት ሴት መቀነት ተፈታ ማለት ነው።

ለ2014 ዓ.ም. ፋሲካ ገበያ ወጥቼ ለበዓሉ ከሚታረደው አውራ ዶሮ ሌላ ሁለት ቄብ ዶሮዎች ገዛሁ። ዋጋቸው ከሌላው ዝቅ ያለ ስለነበር ደስ አለኝ እንጂ፣ ለምን ረከሱ ብዬ አላሰብሁም። በዚያኑ ማታ ከአሥራ አንዱ ዶሮዎቼ ጋር ቀላቀልኋቸው። ሳምንት ሳይሞላ አንደኛዋ ቄብ ላባዋን አንጨፍርራ፣ ዐይኗን ጨፍና ጥግ ይዛ ቆመች። ኩሷ እንደ ተጨመቀ ሣር አረንጓዴ ሆነ። በማግስቱ ሞተች። ቀጥሎም ሁለት ሞቱ፤ አንዲቱም አንገቷ ወደ ኋላ ተጠምዝዞ በአንድ ቦታ ትዞር ጀመር።

ጎረቤቱ ሁሉ የየራሱን ተናገረ። አንዷ ቡዳ ነው አለች፤ ሌላዋ የክረምት መግቢያ ንፋስ ነው አለች። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ወቅጬ አጎረስኋቸው፤ አልሆነም። በዚህ ጊዜ ነው እንግዲህ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን ነገር ያደረግሁት። «ሁሉም ከሚያልቅብኝ» ብዬ፣ ደህና የሚመስሉትን ሦስቱን ይዤ ገበያ ወጣሁና ለአንዲት የገጠር እናት ሸጥሁላቸው። ዋጋውን ቀነስሁላቸው፤ እሳቸውም መረቁኝ። እቤት ከቀሩት ውስጥ በሳምንቱ የተረፈችው አንዲት ገብስማ ዶሮ ብቻ ነበረች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እኒያን እናት ገበያ ውስጥ አገኘኋቸው። የገዟቸው ሦስቱም፣ ቤት የነበሯቸው ስድስቱም አልቀውባቸዋል። የሚቆጡኝ መስሎኝ ዐይኔን ሰበርሁ። እሳቸው ግን «ልጄ፣ ያንቺዎቹስ ደህና ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አጣሁ። የእኔን ነውር ቡዳና ንፋስ ላይ ሳላክክ መክረሜ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ ወደ እንስሳት ሐኪሙ ሄድሁ። ሐኪሙ መድኃኒት ከመስጠት በፊት አራት ነገር ጠየቀኝ። መቼ ጀመረ? በስንት ቀን ስንት ሞተ? ከመሞታቸው በፊት ምን በሉ? አዲስ የገባ ዶሮ ነበረ ወይ? አራተኛውን ስመልስ ራሱን ነቀነቀ። «እትዬ፣ በሽታውን የገዙት ከነዶሮው ነው» አለኝ። ምልክቱና አገዳደሉ ፈንግል መሆኑን እንደሚያሳይ፣ በእርግጠኝነት ለመናገር ግን በባሕር ዳር እንዳለው ያለ የእንስሳት በሽታ ላቦራቶሪ መመርመር እንደሚገባ፣ ለዚህም ወዲያው የሞተች ወይም በመታመም ላይ ያለች ዶሮ ማምጣት እንደነበረብኝ አስረዳኝ። እኔ ግን ሁሉንም ጥያቸው ነበር።

ፈንግል በዓለም ላይ የኒውካስል በሽታ እየተባለ ይጠራል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1926 በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ አካባቢ ከታየ በኋላ ነው። የሚያመጣው ቫይረስ ስለሆነ ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም። በኩስ፣ በትንፋሽ፣ በመጠጥ ውኃ፣ ዶሮ በታሰረበት ቅርጫት፣ በጫማችን ሥር እንኳ ይተላለፋል። ዶሮ ሳትታመም ጥቂት ቀናት በሰውነቷ ይዛው ልትቆይ ስለምትችል፣ ገበያ ላይ ደህና መስላ መታየቷ ዋስትና አይሆንም። በበዓል ሰሞን ዶሮ ከቦታ ቦታ በብዛት ስለሚዘዋወር በሽታውም አብሮ ይዘዋወራል።

ነገር ግን እህቶቼ፣ የሞተች ዶሮ ሁሉ የፈንግል አይደለችም። ብዙዎቹ በጥቂት ቀን ተከታትለው ካለቁ ተላላፊ በሽታን ጠርጥሩ። ትናንት ደህና የነበሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢወድቁ የበሉትን መርምሩ፤ መድኃኒት የተቀባ የዘር እህል ወይም የአይጥ መርዝ ለቅመው ይሆናል። ጫጩቶች ደም የተቀላቀለበት ኩስ ከጣሉ እርጥብና ቆሻሻ ጉዝጓዝ የሚያባብሰው የአንጀት በሽታ ሊሆን ይችላል። ኩክኒያቸው ላይ ቅርፊት ከታየ የዶሮ ፈንጣጣ ይሆናል። አንገቷ ተነክሶ የተገኘችውን ግን ሸለምጥማጥን ጠይቁ። ቀኑንና ምልክቱን በልጆች ደብተር ጫፍ ላይ መጻፍ ለሐኪሙ ትልቅ እርዳታ ነው።

የፈንግል መከላከያ ክትባት በአገራችን፣ እ.ኤ.አ. በ1964 በተቋቋመው በቢሾፍቱው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል። ሙቀት የሚቋቋም ዓይነትም ስላለ ለገጠር ይበጃል። በዐይን የሚሰጠው ለእያንዳንዷ ዶሮ አንድ ጠብታ ነው፤ በየሦስት ወይም በየአራት ወሩ ይደገማል። በውኃ የሚሰጠውን ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውኃ መበጥበጥ ክትባቱን ይገድለዋል። አንድ ጠርሙስ ለብዙ ዶሮ ስለሚበቃና ከተከፈተ በኋላ ስለማይቀመጥ፣ ለብቻ መግዛት ኪሳራ ነው። ስለዚህ እኛ የአንድ ሰፈር ሴቶች በቡና ላይ ተመካክረን ገንዘብ አዋጣን፤ ዶሮዎቹ ከቆጥ ሳይወርዱ በማለዳ አስከተብን። ክትባቱ የሚጠቅመው ግን በሽታው ከመግባቱ በፊት ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ከገበያ የምትገዙትን ዶሮ ሁለት ሳምንት ለብቻ አቆዩ፤ ውኃና መኖዋንም ለዩ። የሞተችውን ለውሻ አትጣሉ፤ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩ፤ እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ሞት በገባበት ቤት ያለችውን ዶሮ ወደ ገበያ አታውጡ።

ገብስማዋ በኋላ ታቅፋ ዘጠኝ ጫጩት ፈለፈለች። አድገው ከተከተቡ በኋላ ሦስቱን ይዤ እኒያ እናት ቤት ሄድሁ፤ ያደረግሁትንም ሳልሸሽግ ነገርኋቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «አንቺም የሸጠልሽን አታውቂ ይሆናል» አሉኝ። እውነት ነው፤ አላውቀውም። ምናልባት እሱም እንደ እኔ «ሁሉም ከሚያልቅብኝ» ብሎ ይሆናል። ከአንዱ ጓሮ ወደ ሌላው ጓሮ በሽታውን የምናሻግረው በዚህ ዓይነት ዝም ብለን ነው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ለሰው የተባለው ለዶሮም ይሠራል።