የግቢዬ በርና የሰው መንገድ

ባለፈው ዓመት መስከረም ወር፣ ትምህርት ቤቶች በተከፈቱበት ሳምንት፣ መኪናዬን ወደ ኋላ እየነዳሁ ከግቢዬ ስወጣ የጎረቤቶቼን የሰባት ዓመት ልጅ ገጨሁት። በስፖኪዮ ግራና ቀኙን አይቼ ነበር። የምነዳውም በዝግታ ነበር። ዘበኛችን በሩን ከፍቶ «ባዶ ነው፣ ይምጡ» ብሎኝ ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ የልጁ ቀኝ እግር ከጉልበቱ በታች መሰበሩም እውነት ነው። ልጁ ዛሬ ድኖ ይሮጣል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ ግን ከዚያ ዕለት ወዲህ በዚህ ገጽ ስለ ሕግ የበላይነት ለመጻፍ በተነሣሁ ቁጥር እጄ ይከብደኛል። ምክንያቱን ዛሬ ለአንባቢዎቼ ልናገር።

እንደ አገራችን ወግ ሽማግሌ ይዤ ወደ ልጁ ወላጆች ቤት ሄድሁ። ለፖሊስ ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ የሕክምናውንም ወጪ ችያለሁ፤ ይቅርታ ግን በገንዘብ አይገዛም። የልጁ አባት አንገቱን ደፍቶ ሲያዳምጠን ቆየና «ዶክተር፣ አጋጣሚ ነው፤ እርስዎ ምን ያድርጉ?» አለኝ። ሽማግሌዎቹም «የመጣ መዓት ነው፤ በዚህ ይለፈው» ብለው መረቁን። ቡና ተፈላ። ሁሉም ነገር በጨዋነት ተፈጸመ። «አጋጣሚ» የምትለዋ ቃል ብቻ እንደ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅራ ቀረች። አጋጣሚ እንዳልነበረ የማውቀው እኔ ነኝና። ያ አደጋ በሲሚንቶና በብረት የተሠራ ነበር፤ የሠራተኞቹን ሒሳብ የከፈልሁትም እኔው ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰፈራችን መንገድ ኮብልስቶን ሲነጠፍ የግቢዬ ወለል ከመንገዱ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቀረ። መኪና ለማስገባት መወጣጫ ያስፈልግ ነበር። ምርጫው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ተዳፋቱን ከበሩ ወደ ውስጥ በግቢዬ መሬት ላይ ማሳረፍ ነው፤ በልኩ ዘንበል ያለ እንዲሆን 4 ሜትር ያህል ርዝመት ይፈልጋል፤ ይህም የባለቤቴን የጽጌረዳ መደብ ይበላል። ሁለተኛው፣ ተዳፋቱን ከበሩ ወደ ውጭ በሕዝቡ መንገድ ላይ ማፍሰስ ነው። ግንበኛው «የትኛው ይሁን?» ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም፤ ሁሉም የሚያደርገውን አደረገ። እኔም ዝም አልሁ። አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን የሲሚንቶ ጉብታ ከበሬ ወጥቶ መንገዱ ላይ ተኛ። በሥሩ የነበረው የጎርፍ ቦይ እንዳይዘጋ አንዲት ቀጭን ቱቦ ተቀበረች። ቀጥዬ አጥሬን ወደ ሦስት ሜትር አስነሣሁና በላዩ እሾሃማ ሽቦ አስጠመጠምሁ። ሌባ እንዳያየኝ የገነባሁት ግንብ እኔኑ አሳወረኝ።

ይህን ያልሁት ለምሳሌ ያህል አይደለም። ወደ ኋላ በሚነዳ መኪና የሹፌሩ ዓይን ከመኪናው ጭራ ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ ይርቃል። አጥሩ ከመንገዱ ጠርዝ ጋር ከተጣበቀ፣ ሹፌሩ ግራና ቀኙን ማየት ሲጀምር የመኪናው የኋላ ግማሽ መንገዱ ላይ ወጥቷል። በዚያች ሁለት ሜትር ተኩል ውስጥ ያለ ሕፃን ለእኔ የለም። ዘበኛውም ቢሆን ያየው በበሩ ስፋት ልክ የሚታየውን ብቻ ነበር። ልጁ ደግሞ ጉብታዬን እንደ መጫወቻ ይዞት ኖሮ፣ ቦርሳውን አዝሎ በአንድ ወገን ሮጦ ወጥቶ በሌላው ሊወርድ ነበር። ጥንቃቄዬ ሁሉ ከንቱ የሆነው ሰነፍ ሹፌር ስለሆንሁ አይደለም፤ ጥንቃቄ ሊሠራበት የማይችል በር ስለ ሠራሁ ነው።

ጥፋቱ እዚያ ላይ ብቻ አልቆመም። ጉብታው የመንገዱን ዳር ስለ ያዘው፣ እግረኛው ሁሉ እዚያ ሲደርስ ወደ መሐል መንገድ መውረድ ነበረበት። ለኪዳን በማለዳ የሚወጡት አሮጊት ጎረቤቴ በከዘራቸው እየተመረኮዙ ጉብታዬን ሲዞሩ ስንት ጊዜ በመስኮት አይቻቸው ይሆን? በየክረምቱም ቱቦዋ በላስቲክና በደለል ትደፈንና ጎርፉ ኮብልስቶኑን ጥሶ ከታች ወዳሉት ቤቶች ይገባ ነበር። እኔ ግን በዚያው ሰሞን ቁጭ ብዬ ስለ ከተማው የፍሳሽ አስተዳደር ጉድለት ጽፌያለሁ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው።

«ሕጉስ የት ነበር?» ትሉኝ ይሆናል። አጥሩን ከማስነሣቴ በፊት ለፈቃድ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄጄ ነበር። ካርታዬን አዩ፤ ወሰኔን ለኩ፤ ክፍያ አስከፈሉኝ። በሩ ወደ መንገድ እንዴት እንደሚወጣ ግን የጠየቀኝ አልነበረም። እኔው ራሴ ባነሣው፣ አንዱ ባለሙያ ከወረቀቱ ቀና ሳይል «እሱ የእርስዎ ጉዳይ ነው» አለኝ። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ዛሬ ሳስበው፣ የበሩ አወጣጥ ከግቢው ሁሉ የእኔ ብቻ ያልሆነው ብቸኛው ጉዳይ ነበር። በአጥሬ ውስጥ ሳሎኔን ብጠብ ባሰፋ የሚጨነቀው ቤተሰቤ ነው። በሬ ግን የግል ኑሮዬ ከማላውቀው መንገደኛ ኑሮ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው።

ሕግ ጭራሽ የለንም ማለትም አይቻልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ወደ ሕዝብ መንገድ መውጫ የሌለው መሬት ባለቤት፣ ካሣ ከፍሎ በጎረቤቱ መሬት ላይ መተላለፊያ እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል። ሕጉ መውጫ ማጣትን እንደ ትልቅ ችግር ቆጥሮታል ማለት ነው። ያው ሕግ መንገዶችን ለሕዝብ አገልግሎት ከተመደቡ ንብረቶች ይመድባቸዋል፤ እንዲህ ያለውን ንብረት ማንም በይርጋ የራሱ ሊያደርገው እንደማይችልም ይደነግጋል። እንግዲህ ያ ጉብታ ዐሥር ዓመትም ሃምሳ ዓመትም ቢቀመጥ የእኔ አይሆንም ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001ም ግንባታ ከመጀመሩ በፊት የፕላን ስምምነትና የግንባታ ፈቃድ እንዲያስፈልግ ደንግጓል፤ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎችም ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ አዟል። የሚጎድለው መርሁ ሳይሆን፣ መርሁን ወደ ሜትርና ሳንቲ ሜትር ለውጦ ግንበኛው እጅ ላይ የሚያደርሰው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። በሩ ከመስቀለኛው መንገድ ምን ያህል ይራቅ? ተዳፋቱ የት ይጀምር? የአጥሩ ማዕዘን ምን ያህል ዝቅ ይበል? ቦዩ በምን ዓይነት ክዳን ይሸፈን? እግረኛው ሳይወርድና ሳይወጣ በቀጥታ ያልፋልን? ጥያቄው በጠቅላላው አምስት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዋሽንግተን ዲሲ የሚኖር ዘመዴን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዚያች ከተማ ቤት የገዛው ዘመዴ በፊት ለፊት በኩል የመኪና መግቢያ ለማሠራት አስቦ ብዙ እየተማረረ አገኘሁት። የገረመኝ ነገር፣ በአሮጌው የከተማዋ ክፍል ከቤቶቹ ፊት ያለው አትክልት አብዛኛው የባለቤቱ አለመሆኑ ነው። በ1870 እ.ኤ.አ. ኮንግረሱ ባወጣው ሕግ መሠረት የሰፋፊዎቹ መንገዶች ዳርቻ ለአትክልት ተለይቷል፤ ባለቤቱ ይንከባከበዋል፣ ያጥረዋል፤ መሬቱ ግን የሕዝብ እንደሆነ ቀርቷል። ስለዚህ ዘመዴ የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ ሦስት ሜትር ለመቅደድ የሕዝብ ቦታን ለሚመለከት ኮሚቴ ማመልከት ነበረበት። የመጀመሪያው ጥያቄ «ከቤትህ ጀርባ መተላለፊያ አለ ወይ?» የሚል ነው፤ ካለ በፊት ለፊት መፈቀዱ እጅግ አዳጋች ነው። ከዚያም ጉዳዩ በየሁለት ዓመቱ ለሚመረጡት፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ሺህ ያህል ነዋሪ ለሚወክሉትና ደመወዝ ለማይከፈላቸው የሰፈር ኮሚሽነሮች ይነገራል፤ ከተማው አስተያየታቸውን በብርቱ እንዲመዝን ሕግ ያስገድደዋል።

ዘመዴ «ይኸውልህ፣ ለሦስት ሜትር ሲሚንቶ ፓርላማ ያስቀምጡብሃል!» እያለ ተሳለቀ። አብሬው ሳቅሁ። ያ ሳቅ ዛሬ ያሳፍረኛል። አሰልቺ መሆኑን አልክድም፤ ዝምድናና ገንዘብ በእነርሱም ዘንድ መንገድ ሊያቋርጡ ይችላሉ። ቢሆንም እዚያ አንድ ነገር አለ፤ ሲሚንቶው ከመፍሰሱ በፊት በዚያ በኩል የሚያልፍ ሰው የሚናገርበት ወንበር አለ። በእኛ ሰፈር እግረኛው የሚናገረው እግሩ ከተሰበረ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ሽማግሌ ልከን ዝም እናሰኘዋለን።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ እንደሚነሣብኝ አውቃለሁ፤ እኔም ለብዙ ዘመን ከተቃዋሚዎቹ ወገን ነበርሁ። «በእኛ አገር ደንብ ማለት ማፍረስ ነው፤ ለባለሥልጣን ሌላ ዱላ አታቀብለው» ይባላል። ስጋቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት በዋና ዋና መንገዶች ዳር ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶችን አስገኝቷል፤ በዚያው ልክ ቤታቸው የፈረሰባቸውና ከኖሩበት ሰፈር የተነሡ ብዙዎች ናቸው። ሰው ደንብን የሚያውቀው በቀይ ቀለም በተጻፈ ምልክትና በዶዘር ድምፅ ከሆነ ደንብን ቢጠላ አይፈረድበትም።

ነገር ግን ይህ ክርክር ከሌላ አቅጣጫም ይታያል። ዶዘር የሚመጣው አስቀድሞ ያልተነገረ፣ ያልተጻፈና ለሁሉም እኩል ያልሠራ ደንብ ባለበት ነው። ሁላችንም በየበራችን መንገዱን ስንቆርስ ሁላችንም ጥፋተኞች እንሆናለን፤ ሁሉም ጥፋተኛ በሆነበት አገር ደግሞ ባለሥልጣኑ ማንን እንደሚቀጣ የመምረጥ ሙሉ ሥልጣን ያገኛል። ሕገወጥነታችን ነፃነት መስሎን በእጃችን የሰጠነው ገመድ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ግንበኛው ሲሚንቶ ሳያቦካ የምትነገር አንዲት ደንብ ዐሥር ዓመት ቆይቶ ከሚመጣ ዶዘር ዜጋን የምታድን ናት። የድሃውም ጉዳይ ከዚህ አይለይም። መኪና የሌለው፣ በእግሩ የሚሄደው፣ ከተዳፋቱ ታች የሚኖረው እርሱ ነው። በከተማችን በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች መሆናቸውን መዘንጋት አይገባም። የበር ደንብ ባለ መኪናውን በጥቂቱ አስቸግሮ እግረኛውን የሚጠብቅ ደንብ ነው።

ኅዳር ሲገባ ጉብታውን አስፈረስሁ። በሩን ወደ ውስጥ ሳብሁት፤ ተዳፋቱ በግቢዬ መሬት ላይ ዐረፈ፤ ጽጌረዳው ተነቀለ። የአጥሩን ሁለት ማዕዘኖች እስከ ወገብ ድረስ ዝቅ አስደርጌ በላያቸው የሚያሳይ የብረት ፍርግርግ አስገባሁ። ቦዩ ተከፍቶ የሚጠረግ ክዳን ተደረገለት። መኪናዬንም ማታ ስገባ አዙሬ አቆማለሁ፤ ጠዋት ፊቴን ወደ መንገዱ ሰጥቼ እወጣለሁ። ሰፈሩ በሙሉ መጥቶ ጠየቀኝ፤ ጥያቄው ግን አንድ ዓይነት ነበር፤ «ዶክተር፣ ደብዳቤ ደረሰዎት እንዴ? መንገዱ ሊሰፋ ነው?» ማንም ሳያስገድደኝ ማፍረሴን ያመነ አልነበረም። እንዲያውም አንዱ ጎረቤቴ ምሥጢር የደበቅሁት መስሎት እስከ ዛሬ አኩርፎኛል። ዜጋ ሳይገደድ ለሕዝብ መንገድ ሲለቅ እንግዳ ነገር የሚሆንበት ደረጃ ላይ ደርሰናል።

ያመኑኝ አሮጊቷ ብቻ ናቸው። አንድ ማለዳ ከኪዳን ሲመለሱ ጉብታው የነበረበት ቦታ ላይ ቆሙና መሬቱን በከዘራቸው መታ መታ አደረጉት። «ልጄ፣ ይሄ ነገር መጀመሪያም እንዲህ ነበር እኮ» አሉኝ። ወቀሳ ይሁን ምስጋና አልለየሁም፤ ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም።

የልጁን አባት በመንገድ ሳገኘው ዛሬም «አጋጣሚ ነው» ይለኛል፤ ከደግነቱ ነው። እኔ ግን ቃሏን ከራሴ መዝገብ ፍቄያታለሁ፤ እናንተም እንድትፍቋት እለምናለሁ። ይህችን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ከበራችሁ ወጥታችሁ ሁለት እርምጃ ራቁና ወደ ቤታችሁ ዞራችሁ ተመልከቱ። ወጪውን መኪና የማየት ዕድል የሌለው መንገደኛ የሚያየው ያን ነው።