ገበናና ጥቁር ስክሪን

ነገሩ የሆነው ደብረ ብርሃን ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን «በሰማይ ብርሃን ታየበት» ብለው በቆረቆሩት ከተማ፣ እኔና የእህቴ ልጅ ሁለት ሌሊት ሙሉ ከጥቁር ስክሪን ጋር ተፋጠን አደርን። የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። እህቴ በጋቢዬ ላይ ብርድ ልብስ ደረበችልኝና «ወንድምጋሼ፣ አንተ ደግሞ ከልጅ ጋር ልጅ ሆንክ እንዴ?» ብላ ገብታ ተኛች።

ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኮምፒውተር ሳይንስ ይማራል። ቢያንስ እናቱም እኔም እስከዚያች ሌሊት ድረስ የምናውቀው እንደዚያ ነበር።

በላፕቶፑ ላይ ሊያስነሳ የሚታገለው ከሊኑክስ ወገን የሆነ፣ ገና «ቤታ» ላይ ያለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው። እንደ እኔ ላለው አንባቢ ላስረዳ። ኦፐሬቲንግ ሲስተም ኮምፒውተሩን ከእንቅልፉ ቀስቅሶ የሚያሠራ፣ የሌሎቹ ፕሮግራሞች ሁሉ አለቃ ነው። ቤታ የሚባለው ደግሞ ተሠርቶ ያላለቀው ነው። ለሕዝብ የሚለቀቀው ሰዎች እንዲሞክሩትና የሚሰበርበትን ቦታ እንዲናገሩ ነው። ልጁም ብልህ ነውና ይህን ያልበሰለ ነገር በዋናው ማሽን ላይ አልጫነውም። «ቨርቹዋል ማሽን» የሚሉት ነገር አለ፤ በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ሌላ የሐሳብ ኮምፒውተር ይፈጠራል። ከትልቁ ሜሞሪ ትንሽ፣ ከሃርድ ዲስኩም ትንሽ ይቆረስለታል። እሱም ጎጆ የወጣ ይመስለዋል። ቢበላሽ የሚበላሸው ጎጆው ነው፤ ትልቁ ቤት አይነካም።

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አልኩ በልቤ። ስሙን ስሰማ ግን የድሮ ሙያዬ ተቀሰቀሰብኝ። ቤታ የግሪክ ሁለተኛ ፊደል ነው። ግሪኮች የወሰዱት ከፊንቄዎች ሲሆን፣ ፊንቄዎቹ «ቤት» ይሉት ነበር፤ ትርጉሙም ያው እንደኛው ቤት ነው። የእኛዋ «በ»ም የግእዝ ስሟ «ቤት» ነው፤ አልፍ፣ ቤት፣ ገምል እያለ የሚወርደው። ይህንን ለልጁ ስነግረው ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ «እሺ ጋሼ» አለኝ። ጡረታ የወጣ መምህር እንዲህ ዓይነት «እሺ» ለምዷል።

ችግሩ እንዲህ ነው። የሐሳቡ ማሽን ይነሳል፤ የሥርዓቱ ምልክት ብቅ ይላል፤ ከዚያ ድርግም። ስክሪኑ ይጠቁርና ጥጉ ላይ አንዲት ሰረዝ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። ልጁ ሜሞሪውን ይጨምራል፣ የግራፊክሱን ዓይነት ይቀይራል፣ የአነሳሱን ስልት ይለውጣል፤ ሁሉንም ባንድ ላይ። ማሽኑን እንደገና ያስነሳዋል፤ ያው ጥቁር።

እኔ ስለ ኮምፒውተር ከመጻፍና ከማተም ያለፈ አላውቅም። ግን የተበላሸ ጽሑፍ አውቃለሁ። የአንድ ድርሰት ቅጂዎች ሲለያዩ እንዴት እንደሚፈተሹ ለዓመታት አስተምሬያለሁ። «አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይር» አልኩት። «አሁን ቢሠራልህ እንኳ የትኛው እንዳሠራው አታውቅም። ደግሞ ጤነኛ ቅጂ አምጣና አስተያይ።»

ዘወር ብሎ አየኝ። የዚሁ ሥርዓት ያለቀለት፣ የቀድሞው እትም በፍላሽ ነበረው። እሱን በዚያችው ጎጆ ውስጥ ሲያስነሳው ያለ ምንም ችግር ተነሳ። እንግዲህ ጎጆዋ ደህና ናት፤ ላፕቶፑም ደህና ነው። ሕመሙ ያለው ቤታው ውስጥ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛውን መላ ያመጣው እሱ ነው። ሥርዓቱ ከመነሳቱ በፊት በሚመጣው ዝርዝር ላይ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ፣ ማሽኑ ሲነሳ የሚከተለው የትእዛዝ መስመር ይታያል። በመስመሩ መጨረሻ ላይ «ኳየት» የምትል ቃል አለች፤ «ጸጥ በል» ማለት ናት። ተጠቃሚው እንዳይደናገር ማሽኑ ሲነሳ የሚናገረውን ሁሉ የምታፍነው እሷ ናት። ልጁ ቃሏን አጠፋትና አስነሳው። አንባቢዬ፣ ያ ጥቁር ስክሪን እንደ ግንቦት ዝናብ ወረደ! ነጫጭ መስመሮች፣ አንዱ ባንዱ ላይ። ልክ ቀጥ የሚልበት ቦታ ላይ ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር እየደጋገመ ይመጣል፤ ከተጨመቀው ፋይል ላይ ማንበብ አልቻልኩም ይላል።

ለካስ ማሽኑ ሁሌም ይናገር ነበር፤ ጸጥ ያልነው እኛ ነን።

ልጁ ምክንያቱን ጠረጠረ። ፋይሉን ያወረደው ለሦስት ሌሊት፣ መብራት ሲመጣና ሲሄድ፣ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ነው። አዘጋጆቹ ከፋይሉ ጋር 64 ፊደልና ቁጥር ያለው ማኅተም ያወጣሉ። ኮምፒውተሩ የወረደውን ፋይል ከዳር እስከ ዳር ያነብና ማኅተሙን ራሱ ያሰላል፤ በፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትዛነፍ ማኅተሙ ሌላ ይሆናል። አስላና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። አይመሳሰሉም። ከሳምንት በፊት በአምስት ደቂቃ ሊያየው ይችል የነበረ ነገር ነው።

«ለምን መጀመሪያ አላየኸውም?» አልኩት።

ዝም አለ። ቆይቶ፣ «ትክክል ነው ብዬ ማመን ፈልጌ ነዋ» አለኝ። ከዚያ መብራቱ ሄደ። ላፕቶፑ በባትሪ ፊቱን ያበራለታል፤ እናቱ ውስጥ ተኝታለች። «ጋሼ፣ እኔም እኮ ተባርሬያለሁ» አለ።

ያለፈው መንፈቅ ውጤቱ ሞልቶ አልመጣም። አራት ወር ሙሉ ቦርሳውን አንግቦ ይወጣል፤ ካፌ ይውላል፤ ማታ ይመለሳል። እናቱ «ትምህርት እንዴት ነው?» ስትል «ደህና ነው» ይላል። እኔ ምን እንደምለው ጠፋኝ። «ለምን አልተናገርክም?» ልለው አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት፤ መልሱን አውቀዋለሁና። ገበና ነው። የሰውን ገበና መሸፈን እናታችን ያስተማረችን ደግነት ነው፤ አሁንም ደግነት ነው እላለሁ። ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉትም እነዚያው እናቶቻችን ናቸው።

ደግሞስ እኔ ማን ነኝና ልወቅሰው? አስተማሪ ሳለሁ አንድ ከገጠር የመጣ ተማሪ ኤፍ ሰጥቼው ቢሮዬ መጣ። «መምህር፣ የተሳሳትኩት የቱ ጋ ነው?» አለኝ። «ወረቀትህ ላይ አለ፤ ሂድና እየው» አልኩት። ወረቀቱ ላይ የነበረው የእኔ ቀይ ኤክስ ብቻ ነው። በሚቀጥለው መንፈቅ ስሙ ከዝርዝሩ ላይ አልነበረም። አልጠየቅሁም። ያን ልጅ ጥቁር ስክሪን አሳይቼ ሸኘሁት፤ ዛሬም ድረስ ፊቱ ይመጣብኛል።

የሚያሳፍረኝ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት ሳላውቅ ቀርቼ አለመሆኑ ነው። አባቴ በልጅነቱ አንኮበር ቅኔ ተምሯል። ተማሪው ቀን ጥላ ፈልጎ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ፣ ባልንጀሮቹ እየሰሙ ይነግራል። የመጀመሪያው ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃና ናት፤ ቤቱ ይፈርሳል፣ ሰሙ ከወርቁ ይጣላል። መምህሩ የፈረሰበትን ቦታ ያሳዩታል፤ በማግስቱ ደግሞ ሌላ ይዞ ይመጣል። ማንም ስለፈረሰበት አይባረርም። አባቴ «የእኔ ቅኔ በየቀኑ ይፈርስ ነበር» ሲል ይስቅ ነበር። እንግዲህ አንኮበር ቤታ ነበራት። መፍረስ የሚፈቀድበት ቤት። ይህንን እያወቅኩ ነው ቀይ እስክሪብቶ ብቻ ይዤ ያስተማርኩት።

በሁለተኛው ሌሊት ልጁ ፋይሉን እንደ አዲስ አላወረደውም። «ቶረንት» በሚባለው ዘዴ የወረደው ፋይል በቁራጭ በቁራጭ ይፈተሻል፤ ደህናው ይቀመጣል፣ የተበላሸው ቁራጭ ብቻ እንደገና ይመጣል። ይህቺን ነገር ወደድኳት። «አየህ፣ ሁሉም አልተጣለም» አልኩት። ገብቶታል መሰለኝ ፈገግ አለ።

ማኅተሙ ገጠመ። ማሽኑ ተነሳ፤ ትናንት የቆመበትን አለፈ፤ ግን ዴስክቶፑ ሊመጣ ሲል እንደገና ጠቆረ። አሁን አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር ለምዷል። ለስክሪኑ የተቆረሰችው ሜሞሪ ትንሽ ነበረች፤ እሷን ብቻ ሲጨምር ተከፈተ። ሲቀንሳት ይጠቁራል፤ ሲጨምራት ይከፈታል። ሦስት ጊዜ ሞክሮ አረጋገጠና ለአዘጋጆቹ ሪፖርት ጻፈ። የሪፖርቱ ሥርዓት ሦስት ጥያቄ ነው፤ ምን አደረግክ? ምን ጠበቅክ? ምን ሆነ? ማን ጥፋተኛ ነው የሚል ጥያቄ የለበትም።

ሊኑክስ ራሱ ያደገው በዚህ መንገድ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ በነሐሴ 1991 እ.ኤ.አ. ገና ስላልጨረሰው ሥራ ተናግሮ አስተያየት ስጡኝ ብሎ ጠየቀ። ፊደላችንም ቢሆን ያለ ጭቅጭቅ አልገባም። ቀደም ሲል የአማርኛ ሶፍትዌር ሁሉ የየራሱ ኮድ ነበረው፤ ባንዱ የጻፍነው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። እኔ ራሴ አንድ ሙሉ የማስተማሪያ ጽሑፍ በዚህ አጥቻለሁ። «አይሠራም፤ የማይሠራውም እዚህ ጋ ነው» ያሉ ባለሙያዎች ስለነበሩ በ1999 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ቦታ አገኘ። ዛሬ በሞባይላችን የምንጻጻፈው በዚያ ነው። እኛ የተሰበረብንን ካልተናገርን፣ ሩቅ አገር ያለው ሠሪ እንደተሰበረብን በምን ያውቃል?

ጠዋት እህቴ ቡና አቀረበች። ልጁ ረከቦቱ አጠገብ ተቀመጠና «እማዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው» አለ። እኔ ጋቢዬን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ለረጅም ጊዜ ከውስጥ ድምፅ አልሰማሁም። ቆይቶ ሲኒ ሲነካካ ሰማሁ። በበረካው ስገባ ዓይኗ ቀልቷል።

«ታውቅ ነበር አይደል?» አለችኝ።

«ከትናንት ወዲያ ማታ ጀምሮ።»

«አራት ወር ሙሉ!» አለች፣ ወደ ልጇ ዞራ። «አራት ወር ሙሉ በብርድ ካፌ ለካፌ!» ከተባረረው ይልቅ የበረደው አናዷታል።

አሁን የመመለሻ ማመልከቻ እየጻፈ ነው። ይቀበሉት አይቀበሉት አይታወቅም። ለዚያ ሪፖርቱ ግን በሦስተኛው ቀን መልስ መጣለት። የማናውቀው አንድ ሰው ከማናውቀው አገር «እኔንም እንዲሁ ገጥሞኛል» ብሎ ጽፏል። ልጁ ስክሪኑን ወደ እኔ አዙሮ አሳየኝ፤ ደጋግሞ ነው ያሳየኝ።

ቸር እንሰንብት።